ሂተሩን ያፈንን ሰሞን

እኛ አበሾች ሌባ ብንፈራ እንኳ የነፋስን ያህል አንፈራም። ካላመናችሁኝ አስፋልቱ ጫማ በሚያጣብቅበት የሎስ አንጀለስ ነሐሴ አበሻ ከሚነዳው ታክሲ የኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ መስኮት ዝቅ ለማድረግ ሞክሩ። ሾፌሩ አንገቱን እየሸፈነ በመስታወት ያያችኋል። እኛ ዘንድ ነፋስ ሰው የሚመታ፣ ጎን የሚወጋ፣ አንገት የሚያጣምም ባላንጣ ነው። አራስ ቤት ሲሆን ደግሞ ስሙም በሹክሹክታ ነው የሚጠራው።

ሎስ አንጀለስ አይበርድም ይባላል። ይህን የሚሉት በጥር ወር የአበሻ ሱቆች ካሉበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ አሮጌ ቤት ተከራይተው የማያውቁ ናቸው። የእኛ ቤት መስኮቱ ተዘግቶም ያፏጫል። ደግነቱ ሂተር አለው። ኮሪደሩ ላይ ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ አየሩን አሙቆ በየክፍሉ ቀዳዳ የሚነፋ።

አያችሁ? የሚነፋ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

እናቴ ጥር ሲገባ ወንድሜን ወለደች። የልብ ወዳጇ እትዬ ብዙነሽ፣ ፌርፋክስ ላይ የቅመም ሱቅ ያላቸው፣ አራሷን ሊጠብቁ እኛ ጋ ማደር ጀመሩ። ገና ሲገቡ ከአልጋው በላይ ያለውን ቀዳዳ አዩና ደነገጡ።

«ይኼ አራስ ላይ የሚነፋው ምንድን ነው?»

«ሂተር ነው እትዬ፤ የሚወጣው ሞቃት አየር ነው» አለ አባቴ።

«ሞቀም ቀዘቀዘም ነፋስ ነፋስ ነው!»

የመኝታ ቤቱ ቀዳዳ በፎጣ ተወተፈ። የሳሎኑም ተከተለ። በመጨረሻ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ትልቁ ፍርግርግ ተገኘ። እሱ ደግሞ አይነፋም፣ ይስባል። እትዬ ብዙነሽ የነጠላቸው ጫፍ ወደ ውስጥ ሲሳብ አዩና አማተቡ። የአባቴ ጋቢ ታጥፎ በፕላስተር ተለጠፈበት፤ ከፊቱም የእናቴ ትልቁ ሻንጣ ቆመ። ፕላስተሩን እየቆረጥኩ ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ምን ልደብቃችሁ።

ከዚያ ወዲህ ሂተሩ ያጓራል፣ ጥቂት ቆይቶ ቀጭ ብሎ ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ። ቤቱ ግን ብርዱ እየባሰበት ሄደ። የጋዝ ቢሉ ሲመጣ ሆሊውድ ሆቴል የእንግዳ መኪና ፓርክ የሚያደርገው አባቴ ቆሞ አነበበው።

«ይቺ የእኛ ናት ወይስ የሆቴሉ?» አለ። «ሶ፣ ኦፍ እናደርገዋለን። ሌላ መላ የለም።»

«እንግዲያው አራሷን እኔ ጋ እወስዳታለሁ» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ሚድ ዊልሻየር ያለው አፓርታማዬ አይበርድም። እስከ ክርስትናው እዚያ ትቆይ። ቅዳሜ እንሄዳለን።»

እናቴ ወደዚህ አገር ቀድማኝ ስትመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እስክጨርስ ያሳደገችኝ በስልክ ነው። ሚድ ዊልሻየር በመኪና አሥር ደቂቃ ነው ብትሉኝ ልክ ናችሁ። እኔ ግን ዓርብ ዕለት ልብሷን ሊከቱበት ሻንጣውን ከኮሪደሩ ሲያነሱ፣ እንባዬን እንዳያዩ የሂተሩን ክፍል ከፍቼ ተሸጎጥኩ።

በሩ ላይ ከውስጥ በኩል የደበዘዘ ወረቀት ተለጥፏል። የቤት ሥዕል ነው። ቀስቶች ከሂተሩ ወደየክፍሉ ይሄዳሉ፣ ከየክፍሉ ወደ ትልቁ ፍርግርግ፣ ከፍርግርጉ ተመልሰው ወደ ሂተሩ። ከሥር ፍርግርግ የጋረደ ሶፋ ተስሎ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል። ቀይ ኤክስ ለማንበብ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ሂተሩ የሚነፋውን የሚስበው ከፍርግርጉ ነው። እኛ አፉንም አፍንጫውንም ደፍነን ለምን አላሞቅኸንም እንለዋለን።

እኔ እንግዳ ሲመጣ ሻይ አስቀምጬ ወጥ ቤት የምደበቅ ልጅ ነኝ። እናቴ መኝታ ቤት መሀል ቆሜ ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እትዬ፣ ሂተሩን አፍነነዋል። መተንፈሻውን ነው የዘጋነው።»

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ልታስመቻት ነው?»

«አይመታትም እትዬ። አልጋዋን ወዲያኛው ግድግዳ ጋ እናዙረው፤ የሚነፋው አይደርስባትም። እስከ ነገ ብቻ ይታገሱኝ።»

አባቴ እናቴን አየ፣ እናቴ እኔን አየችኝ። «እኔ አልሄድም፤ ይሞከር» አለች ከአልጋዋ።

አልጋው ዞረ፣ ፎጣዎቹ ወጡ፣ ጋቢው ተላጠ። ከፍርግርጉ ጀርባ ያለው የአየር ማጣሪያ ፊልተር አቧራ ጠጥቶ የበግ ቆዳ መስሏል። አባቴ ሮጦ አዲስ ገዛ። ሂተሩ ያን ቀን አንዴ ተነስቶ ሠራ፣ ሠራ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዐረፈ። ወደ ማታ እናቴ አንዱን ብርድ ልብስ ከላይዋ ገፋች። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበትን ነገር አላስታውስም።

ሻንጣው ሳይሄድ ተፈታ። የሚቀጥለው ቢል ሲመጣ አባቴ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ ሰው የልጁን የፈተና ውጤት እንደሚለጥፍ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። እትዬ ብዙነሽም ፍርግርጉን መጠበቅ ያዙ። አንዱ ጠያቂ ተደግፎት ከቆመ «ተነስ! መተንፈሻው ነው!» ይላሉ፤ ነገሩን ያወቁት ከድሮ ጀምሮ ይመስላል። ይሁን።

ክርስትናው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው። እትዬ ብዙነሽ ጠዋት ሱቃቸውን ይከፍታሉ፣ ማታ ተመልሰው እኛ ጋ ያድራሉ። አፓርታማቸው ይበርዳል አሉ።