ሊቀ አሻጊያን ጋሼ ይነቃነቃል

የትኛውም መሥሪያ ቤት ግቡ፤ ሰው ሁሉ «በቃ፣ አለቀ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ «ቆይ!» የሚል አንድ ሰው አታጡም። ይህ ሰው ባይኖር ዓለም ሥራዋን በግማሽ ጊዜ ጨርሳ ትተኛ ነበር። እርግጥ ነው፣ የተኛችበት አልጋም ተሰብሮ ትወድቅ ነበር።

የእኛው «ቆይ» ባይ ክቡር ሊቀ አሻጊያን ጋሼ ይነቃነቃል ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ስሙን ግን ራሳቸው ናቸው ያመጡት፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ እየጠሩት። እኛ ጋ ያረጁ የፋብሪካ ማሽኖች ይታደሳሉ፤ ፀጉር ለአሥር ቢሰነጠቅ አንዷን ስንጣቂ ለይተው የሚያውቁ፣ ኩርፊያ የሚወዱ ማሽኖች። የእሳቸው ሥራ የታደሰውን አሽጎ መላክ ነው። የእኔ ሥራ የመላኪያውን ሰነድ መጻፍ። ስለዚህ እሳቸው ሲዘገዩ ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነው፣ የሚቆጡትም እኔን ነው። ይህን እያወቃችሁ ስማቸውን በበጎ እንዳነሳ አትጠብቁ።

አስተሻሸጋቸውን ላውራችሁ። መጀመሪያ ማሽኗን እንደ ሕፃን ልጅ ጠራርገው ያደርቃሉ (ለእሳቸው ማሽን ሁሉ ሴት ናት)። እንዳትዝግ ዘይት ይቀቧታል። የሚንቀሳቀስ አካሏን ሁሉ ቀይ ቀለም በተቀቡ የብረት ማሰሪያዎች ይቀረቅራሉ። በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልለው፣ እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች በየብብቷ ሸጉጠው፣ ጎማ በተነጠፈበት የጣውላ መደብ ላይ በብሎን ካሰሯት በኋላ ሳጥኑን ዙሪያዋን ይገነቡባታል። እኛ «ጎሽ፣ አለቀ!» ስንል እሳቸው ትከሻቸውን አስጠግተው ገፋ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ቆይ» ይላሉ። «ይነቃነቃል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ተራራ እኮ ነው የሆነው!»

«ልጄ፣ ማሽን የሚሰብረው መንገዱ አይደለም፣ ክፍተቱ ነው። ጣት የማይገባበት ቦታ ጣጣ ይገባል።»

ከዚያ ሳጥኑ እንደገና ይከፈታል። የእኔ ስልክም መጮህ ይጀምራል።

ይህ በሽታ ሥራ ቦታ ብቻ ቢቀር በምን ዕድሌ! አንድ እሑድ ምሳ ጋበዝናቸው። ከሰላምታ በፊት የምግብ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙና ወዘወዙት። ወረቀት አጥፈው ከእግሩ ሥር ሰኩ፣ ወንበሮቹን ተራ በተራ ፈተኑ፣ መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር አጠበቁት፣ ከዚያ ባለቤቴን «እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ?» አሏት። ባለቤቴ እኔን ገልመጥ አድርጋ፣ «አንተ አሥራ አንድ ዓመት ያላየኸውን በአንድ ደቂቃ አዩት» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቴ ውስጥ የሚነቃነቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቤት ስንቀይር ጭራሽ ጉድ ፈላ። «ዕቃችሁን እኔ ካላሸግሁ» ብለው ድርቅ አሉ። እያንዳንዱ ማንኪያ ለብቻው ተጠቀለለ። ለሦስት ሳምንት ሻይ በሳሙና ማስቀመጫ ጠጣን፣ ብርጭቆዎቹ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳሉ ማን ይወቅ! ስድስት እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ ቀርቶ ነበርና እሱንም አሽገውታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእሳቸው እጅ የገባ እንቁላል ግን በእግሩ አይሄድም፣ በስፖንጅ ተከቦ፣ በሁለት ሳጥን ተደርቦ፣ «ይህ ወደ ላይ» ተብሎ ተጽፎበት ነው የሚሄደው። ሳጥኑን ያገኘነው በግማቱ ነው። እውነት ለመናገር አንዱም አልተሰነጠቀም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጥርሳቸውን አመማቸው። ሐኪሙ «ምን ሆኑ አባቴ?» ሲላቸው «ይነቃነቃል» አሉ፤ ሕይወታቸውን ሙሉ የተለማመዱት ለዚያች ቀን ነው የሚመስለው። ሐኪሙ ሊነቅለው መንቀያውን ሲያነሳ ግን እጁን ያዙት። «ቆይ። ምን በደለ? ይታሰር።»

ደግሞ አለች አንዲት ምልክት። የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ሳጥን ላይ የምትለጠፍ፣ መሐሏ ነጭ የሆነች። ሳጥኑ መንገድ ላይ ከተመታ ነጩ ይቀላል፤ አንዴ ከቀላ ደግሞ አይመለስም። ጋሼ ይህችን ምልክት የልጅ ልጃቸው ጋሪ ላይ ለጠፉላችሁ! አማቻቸው፣ ምስኪን፣ ጠጠር ባየ ቁጥር ጋሪውን በክንዱ አንስቶ ይሻገር ነበር። ማታ ሲገባ ጋሼ በር ላይ ቆመው የሚመረምሩት ልጁን አይደለም፣ ምልክቷን ነው።

እንግዲህ በቅርቡ የሆነውን ልንገራችሁ።

ባሕር ማዶ ካለ ደንበኛ አንድ መሞረጃ ማሽን ተልኮልን ነበር፤ ከውጭ የመጣልን የመጀመሪያው ሥራ። ሜካኒኳ፣ እጇ ወርቅ ፀባይዋ እሳት የሆነች ልጅ፣ ሰባት ወር ሙሉ ፈጅታ እንደ አዲስ አደረገቻት። ማሽኗ በቀኗ በደህና ከደረሰች ሌሎች አራት ሊልኩልን ቃል ገብተዋል። ካልሆነ ደህና ሰንብቱ ነው። መኪናው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከግቢ ካልወጣ መርከቡ አይጠብቅም። ደንበኛው ጠንቃቃ ነውና የመመታት ምልክቷንም ራሱ ነው የላከው፤ ሁለት፣ አንዷ መጠባበቂያ። የምትለጠፈዋን መለያ ቁጥር በሰነዱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሳጥኑ ተዘጋ፣ ምልክቷ ተለጠፈች። ስድሳ አራት ብሎን። ጋሼ ገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ፤ «ቆይ» አላሉም! ከዚያ እንደ ልማዳቸው ምርቃታቸውን ሰጡ። ለሠላሳ ዓመት ያልቀረች ምርቃት ናት፤ መዳፋቸው አካፋ ያክላል፣ በዚያ መዳፍ ሳጥኑን ጠፍ አድርገው «በይ ሂጂ የኔ እመቤት» ይሏታል።

ጠፍ አደረጉ።

ምልክቷ ቀላች።

ሽኝቱን ልታይ የወረደችው ሥራ አስኪያጃችን አፏን ይዛ ቀረች። ሜካኒኳ የያዘችውን ጨርቅ ጣለች። ጋሼ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። በሕይወታቸው አንድ ማሽን ያስመቱት ያን ቀን ነው፣ የመታትም የእሳቸው ፍቅር ነው።

እኔ የቸኮልኩ ሰው ነኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ምን ችግር አለው፣ መጠባበቂያዋን እንለጥፍ። ቁጥሯን አስተካክላለሁ። ማን አየ?» አልኩ።

«እሷ አይታለች» አሉ ጋሼ፣ ሳጥኑን በአገጫቸው እያሳዩ።

«ጋሼ፣ በመዳፍ እኮ ነው! ከውጭ! ይህን የሚያክል ብረት መዳፍ ምን ያደርገዋል?»

«ምንም አላደረጋት ይሆናል። ግን አላውቅም። ሳላውቅ 'አውቃለሁ' የምትል ነጭ ምልክት ለጥፌ ልሸኛት? እዚያ ስትደርስ አንድ ነገር ብትሆንስ? መንገዱን ልንወቅስ ነው። ሹፌሩን ልንወቅስ ነው። ይህች ልጅ ሰባት ወር የለፋችበትን እኔ በጥፊ ገድዬው፣ ሰው ላይ ላላክክ?»

ሹፌሩ እስከዚያ ድረስ መሪው ላይ ተደግፎ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርም ነበር። ይህን ሲሰማ ወረደ። «እኔ ላይ ሊላከክ ነበር?» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። «ካቻቢቴ የላችሁም?»

ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን አየች፣ ጋሼን አየች። «ጋሼ፣ ከአሥር ሰዓት በፊት ይደርሳል?»

«ካወራን አይደርስም።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት እኔን ነው። ሰነድ ጸሐፊው በንጹሕ ሸሚዜ ተንበርክኬ ብሎን ፈታሁ። ሥራ አስኪያጇ ብሎኑን በሳህን ሰበሰበች። ሹፌሩ ጣውላውን አነሳ። ጋሼ ከመሐላችን ቆመው «ቀስ! አንተ፣ ቀስ! በርበሬ መሰለህ የምትወቅጠው?» እያሉ ያዝዙናል፤ ድምፃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ እንደ ልጅ አሳዘኑኝ።

ሜካኒኳ ፕላስቲኩን ገልጣ መለኪያዋን ይዛ ገባች። ለካች። ዞራ ለካች። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ግድግዳ ያያሉ።

«ጋሼ!» አለች በመጨረሻ። «ንቅንቅ አላለችም!»

በሳቅና በጩኸት ግቢው ተናጋ። ጋሼ ግን ወዲያው ዞሩና «በሉ፣ ምን ትገተራላችሁ? አዲስ ከረጢት አምጡ፣ እርጥበት ገብቶባታል!» አሉ። እንደገና ተጠቀለለች፣ እንደገና ስድሳ አራት ብሎን፣ እንደገና ትከሻ። መጠባበቂያዋ ምልክት ተለጠፈች። በሰነዱ ላይ ከነምክንያቱ ጻፍኩ፦ «የመጀመሪያዋ ምልክት በሽኝት ወቅት በአሻጊው መዳፍ ቀልታለች፤ ሳጥኑ ተከፍቶ ማሽኗ ተለክታለች፤ ደህና ናት።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በመላኪያ ሰነድ ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ለአሥር አሥር ጉዳይ መኪናው ተነሳ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ሦስት እርምጃ ርቀው፣ በአፋቸው ብቻ መረቁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ሳምንታት ጋሼ ሰው ሆነው አልሰነበቱም። ጠዋት ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ብቅ ይላሉ። «የጻፉት ነገር አለ?» «የለም ጋሼ።» «እህ፣ መንገድ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ጠረጴዛዬን እንኳ አይወዘውዙም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

መልእክቱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። እየሮጥኩ ወርጄ ሁሉም ባለበት አነበብኩት፦ ማሽኗ ደርሳለች፣ ምልክቷ ነጭ ናት፣ መጀመሪያ የሞረደችው ብረት እንከን አልወጣለትም፣ አራቱ ማሽኖች ተጭነዋል። ሳጥኑን ለመክፈት ግን አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶብናልና ለወደፊቱ የአከፋፈት መመሪያ ቢላክልን ይላል።

«ነጭ ናት አሉ?» አሉ ጋሼ።

«ነጭ ናት።»

«እስቲ ድገመው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ስለ አንድ ቀን ተኩሉ የሚለው ጋ ስደርስ፣ «ምን አስቸኮላቸው!» ብለው ተቆጡ፣ ከዚያ ባዶ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለው ማሽን በሚጠርጉበት ጨርቅ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፊታቸው በዘይት ተለቀለቀ። ሜካኒኳ አንገታቸውን አቅፋ ሳመቻቸውና የእሷም ፊት ተለቀለቀ። ምን ልደብቃችሁ፣ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ እያቃጠሉኝ እወዳቸዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ መልሱን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጇ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፣ በቂ ነው» ብላኛለች። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ወረድኩና ጋሼን ምን ልበላቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡ። «እንኳን ደህና ገባችላችሁ በላቸው» አሉ። እንዳሉት ጻፍኩ፣ ከሥራ አስኪያጇ ስም ጎን ሁለተኛ መስመር አሰመርኩ፣ ከሥሩም «አሻጊ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው መጥተው፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ለሠላሳ ዓመት በላኩት ነገር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረሙ።