እንግሊዞቹ ታረቁ አሉ

ሰው ለምን ይጣላል ብዬ አልጠይቅዎትም፤ እርሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንድ ቁም ነገር ባጋጠመኝ ቁጥር ልነግረው የሚያምረኝ ሰው ያው የተጣላሁት ሰው ነው። እርስዎስ እንደዚያ ሆነው አያውቁም? ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አራት የእንግሊዝ ሽማግሌዎች ናቸው ያስነሱኝ።

እኔ አሜሪካ፣ አትላንታ ዳር ኢስት ፖይንት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ሸትል የሚሉትን የመንገደኞች ማመላለሻ እነዳለሁ። ክራቫት አስሬ ነው የምነዳው። ማንም እሰር አላለኝም። ወጣቶቹ ሾፌሮች፣ "ጋሽ እንድሪስ፣ ዛሬም ፓርላማ አለ እንዴ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ክራቫቱ ለመንገደኛው አይደለም፤ ለራሴ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት መንገደኛ አውርጄ ባዶ መኪና ይዤ ስመለስ ሬዲዮው ወሬ አመጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ተኳርፈው የኖሩ የአንድ የእንግሊዝ ሐርድ ሮክ ባንድ አባላት ተመልሰው ተገናኙ፤ አዲስ አልበምም አወጡ አለ። መኪናዬን ዳር አስይዤ አቆምሁ። ስማቸውን አልጠራልዎትም፤ ስም መጥራት ማስታወቂያ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለ ደመወዝ ማስታወቂያ አልሠራም።

እርስዎ ከሐርድ ሮክ ጋር ምን አገናኘዎት ይሉኝ ይሆናል። ይበሉ፤ አልቀየምም። ሐርድ ሮክ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ጊታሩ በኤሌክትሪክ የሚጮኽበት፣ ከበሮው የሚደበደብበት፣ ዘፋኙም ከሁለቱ በላይ ለመሰማት የሚታገልበት ሙዚቃ ነው። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አሰፋና እኔ የእነዚህ ሰዎች አንድ ካሴት ነበረን። አንድ ካሴት ለሁለት ሰው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እርሱ ዘንድ ያድራል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እኔ ዘንድ። እሑድ አብረን እንሰማለን። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን። ቀበሌው የኢምፔሪያሊስት ጩኸት ይለው ነበር፤ አባቴ የሰይጣን ሠርግ ይሉት ነበር። አባቴና ቀበሌው በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሰፋ የጊታሩን ድምፅ በአፉ ያወጣል፤ እኔ እዘፍናለሁ። ዘፋኙ ወደ ላይ ወጥቶ ሲጮኽ እኔም ወጥቼ እጮኻለሁ። አንድ እሑድ ጎረቤቶቻችን ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተዋል።

ኋላ ዘመኑ ሁላችንንም በየአቅጣጫው በተነን። እኔን ዲቪ፣ እርሱን ወንድሙ አመጡን፤ አትላንታም ላይ እንደገና ተገናኘን። የእርሱ ኑሮ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ኖርክሮስ ነው። ታዲያ ምን አጣላችሁ? ይበሉኝ። ወግ አጣላን። ወግ ማለቴ ይህን የማወጋዎትን አይደለም፤ ሥርዓቱን ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልጄ ሀያት ባል አገኘች። እዚሁ አጠገብ፣ ዱሉዝ ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ሲመርጡ አሰፋን አስቀደሙ። ብልህነት ነው፤ ወደ እኔ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ አሰፋ ነበር። እርሱም ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ፣ መጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ቆመ። ተቀመጡ አልሁ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነው። እኔም ሥርዓቱ እንደሚያዘው፣ ከቤተ ዘመድ መክሬ መልስ እሰጣለሁ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ አልሁ።

የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ይላል? አይልም። ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ያስመስላል። ይህን አሰፋ ከእኔ እኩል ያውቃል። ነገር ግን ያን ቀን የመጣው የሥራ ሺፍቱን ከአንድ ጋናዊ ጋር ተለዋውጦ ነበር፤ ጋናዊው ደግሞ ሁለተኛ የሚለዋወጥ ሰው አልነበረም።

"ለእኔም ቀጠሮ?" አለኝ።

"ለሽማግሌው ነው እንጂ ለአንተ አይደለም" አልሁት።

"ሽማግሌው ማን ሆነና? ኮቱ ነው?" አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቤተ ዘመድ ያልኸው የታለ? አትላንታ ውስጥ ዘመድህ እኔ ነኝ። ከማን ጋር ልትመክር ነው?" አለኝ።

መልስ የሌለው ሰው አንገቱን ያቀናል። "ቀጠሮ ቀጠሮ ነው" አልሁ። ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ፤ ልጄን ዳርሁ፤ አሰፋ ሠርጉ ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በእድር ስብሰባ እርሱ በሩ ዘንድ፣ እኔ መስኮቱ ዘንድ ሆነን አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥን። በዚሁ አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እኔ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የንግድ ሽርካ አስታርቄአለሁ! ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባላል። ሽማግሌም እንደዚያው ነው።

ወደ እንግሊዞቹ ልመለስ። ጋዜጠኛው ዘፋኙን፣ ማን ማንን ይቅርታ ጠየቀ ብሎ ጠየቀው። ዘፋኙ፣ ማንም ማንንም አልጠየቀም፣ ነገሩንም አላነሳነውም፣ እርሱ ጊታሩን ሰካ፣ እኔ መዝፈን ጀመርሁ አለ። ደነገጥሁ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ አይደለም ወይ? ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ካሣ፣ ጉልበት ሳይሳም እርቅ አለ እንዴ? እነዚህ ሰዎች አገር የገዙት እንዲህ ሆነው ነው?

ቢሆንም አልበሙን ሀያት በስልኳ አዘዘችልኝ። ሲዲው ሲመጣ ከሥራ በኋላ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሰማሁት። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ላይ አዘንሁ። ድምፁ ወርዷል። ያ ጣራ ይቀድ የነበረ ሰው፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ እጀታ ይፈልጋል። እስከ ሦስተኛው ዘፈን ድረስ በቃኝ ብዬ ልዘጋው እጄን ስሰድና ስመልስ ቆየሁ። አራተኛው ላይ ዘፋኙ እንደ ድሮው ወደ ላይ ሊወጣ ተነሣ። መሪዬን ጨበጥሁ። አልወጣም፤ ትንፋሹ መንገድ ላይ አለቀ። በዚያች ቅጽበት ጊታሩ ቀጥ አለ። ዝም። ሰውየው አየር እስኪስብ ድረስ ጠበቀው። ከዚያ አብረው ቀጠሉ።

ያ ዝምታ ስሕተት አይደለም። የሰው ትንፋሽ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቀው አብሮት ያደገ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ እየመለስሁ ያችኑ ቦታ ሰማሁ።

ይህን ለማን ልንገር? ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ለሀያት ነገርኋት። "ዳዲ ናይስ ነው፣ ግን ሎው አድርገው፣ ቤቢው ተኝቷል" አለችኝ። ለሾፌሮቹ ነገርኋቸው፤ አንደኛው ደም ግፊቴን መቼ እንደተለካሁ ጠየቀኝ። በዚህ ሁሉ ከተማ ይህን ነገር የሚሰማ ጆሮ አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ኖርክሮስ ነው፤ አኩርፎኛል። ዕድሜያችንም ሄዷል። ሳልነግረው ብሞትስ? ሳይሰማኝ ቢሞትስ?

እኔ ራሴ ልሂድ? አልሄድም። ቤቴን ጥሎ የወጣው እርሱ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ። አዎን፣ ስለ አንድ ዘፈን ለማውራት ሽማግሌ ላክሁ! ሐጂ ሰይድን ከሁለት ሰዎች ጋር። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚህ ልኳንዳ አላቸው፤ ሥጋውን የሚመዝኑትን ያህል ቃልንም ይመዝናሉ። አሥራ አንድ ዓመት ቆይተው ዛሬ ምን ተገኘ ሲሉኝ፣ ዕድሜ ነው አልሁ። ስለ እንግሊዞቹ አልነገርኋቸውም፤ እንዴት ብዬ?

ሐጂ ሄደው ተመለሱ። አሰፋ በክብር ተቀብሎ፣ ቆመው የተናገሩትን እርሱም ቆሞ ካዳመጠ በኋላ፣ "ከቤተ ዘመድ መክሬ መልስ እሰጣለሁ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ" አላቸው። ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ፊቴን አኮሳተርሁ። ከሄዱ በኋላ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። እንዴት ያለ ሰው ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን ቀን ሲጠብቃት ኖሯል።

በስምንተኛው ቀን ሥራዬን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጨረስሁና መኪናዬ ወደ ቤቴ በመዞር ፈንታ ኖርክሮስ ወሰደችኝ። የአሰፋ አፓርትመንት ፊት ለፊት አቆምኋት። አልወረድሁም። ቀጠሮ አፍርሶ በር ማንኳኳት ነውር ነው፤ መኪና ማቆም ግን ነውር አይደለም። ተቀምጬ ሳለ አሰፋ የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ብቅ አለ። አንድ ጉልበቱን ይጎትታል። በእድር ስብሰባ ሲቀመጥ እንጂ ሲራመድ አስተውዬው አላውቅም ነበር። አየኝ። ቆመ። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። ሰላምታ ልስጥ ብል ከየት ልጀምር? የአሥራ አንድ ዓመት እንዴት ዋልህ በአንድ አፍ ይወጣል?

"አራተኛውን ሰምተኸዋል?" አልሁት።

እርሱም ገዝቶታል ለካ! ከረጢቱን ወደ ግራ እጁ አዛወረና፣ "ይጠብቀዋል" አለኝ።

"ማን?"

"ጊታረኛው ነዋ። ትንፋሹ ሲያልቅ ይጠብቀዋል።"

ይመኑኝ፣ ተናደድሁ። አንድ ወር ሙሉ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደ ዕንቁላል ይዤ የዞርሁት እኔ፣ ከኢስት ፖይንት ድረስ የነዳሁት እኔ፣ ከአፌ ነጥቆ የተናገረው እርሱ! ግን በሩን ከፈትሁለት። ከነከረጢቱ ገባ። አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የሽንኩርት ልጣጭ እየሸተተን፣ ሰማን። እርሱ ጊታሩን በአፉ አወጣ፤ እኔም የቀረችኝን ድምፅ አወጣሁ። ባለቤቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሰገነት ላይ፣ "አንተ ሰውዬ! ቆሻሻው ውስጥ ወደቅህ እንዴ?" ብላ ተጣራች።

"ስብሰባ ላይ ነኝ!" አላት።

ሲያልቅ ስለ ሳሎኑ ነገር አንዳችን አላነሳንም። እንግሊዝ ሆንን። አንድ ችግር ግን ነበረ። ሐጂ ሊመጡ ስድስት ቀን ቀርቷቸዋል። ታርቀናል እንበላቸው? አሰፋ ራሱን ነቀነቀ። "ሽማግሌ ተልኮ መሃል ላይ በራስ መታረቅ ንቀት ነው፤ ሐጂ ከእንግዲህ ፊታችንን አያዩም" አለ። እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር። ስለዚህ ስድስት ቀን እንደተኳረፍን ልንቆይ ተስማማን። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነኝ እል ነበር።

በቀጠሮው ቀን በአሰፋ ሳሎን ውስጥ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ እርሱ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረን ተቀመጥን። ሐጂ መረቁ፣ መከሩ፣ ስለ ሞት ተናገሩ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ፣ "እርቅ በደል ካልተነገረ አይጸናም። አቶ አሰፋ፣ ይናገሩ" አሉ።

አሰፋ ለይምሰል ነበር የጀመረው። ሙሉ ልብሱን፣ ጋናዊውን፣ ሳሎኔ ውስጥ መቆሙን ተረከ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "እኔ ነበርሁ ቤተ ዘመዱ። ሌላ ማን ነበረው? በልጄ ሠርግ እንደ ባዳ ቀረሁ። ሀያት እኮ እጄ ላይ ነው ያደገችው" አለ። እኔም ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ፣ "ሥርዓቱን ያስተማሩኝ ያንተ አባት ናቸው! በአባትህ ሥርዓት ነው የተቀየምኸው!" አልሁ። እርሱም ተነሣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሃላችን ገቡ። በእውነት ተጣላን።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከወጥ ቤት ወጣች። "ኧረ በሕግ! ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ አብራችሁ ስትጮኹ ጎረቤቱ ፖሊስ ሊጠራ አልነበር? ደግሞ ዛሬ የምን ጠብ ነው?"

ሐጂ አንዴ እኔን፣ አንዴ አሰፋን አዩ። "እውነት ነው?" አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ክራቫቴ ያን ቀን ገመድ ሆነብኝ።

"ያለ ምስክር የታረቀ ያለ ምስክር ይጣላል" አሉ ሐጂ በቀስታ። "አሁን አየሁ። አቶ እንድሪስ፣ ሌላ ማን ነበረው ላለው መልስ ይስጡት።"

ወደ አሰፋ ዞርሁና፣ "ልክ ነህ። ያን ቀን የምመክረው ሰው አልነበረኝም። የምመክረውን ሰው ነው ያባረርሁት" አልሁ። አሰፋ በዚያ በሚጎትተው ጉልበቱ ሊንበረከክልኝ ሲል ይዤ አቆምሁት። እንዳቀፍሁት ቀረሁ። የማን እንባ በማን ኮት ላይ እንደወረደ አልነግርዎትም።

ሁላችንም ከተረጋጋን በኋላ ሐጂ፣ ለመሆኑ መጀመሪያ ያገናኛችሁ ምንድን ነው አሉ። እንግዲህ መደበቅ ቀርቷል። አሰፋ አልበሙን አምጥቶ አራተኛውን ዘፈን ከፈተው። የእንግሊዞቹን ታሪክ፣ ጠባቸውን፣ እርቃቸውን ነገርኋቸው። ሐጂ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጊታሩንም ከበሮውንም ጩኸቱንም አንድ ሳያስቀሩ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ታርቀዋል ነው ያላችሁኝ?" አሉ።

"አዎን ሐጂ።"

"ማን አለ?"

"ራሳቸው፣ በሬዲዮ።"

"ራሳቸውማ ምን ያውቃሉ!" አሉ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ። "አትሰሙም እንዴ? ገና እየተጯጯሁ ነው።" ከዚያ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዘወር ብለው፣ "ለንደን የምናውቀው ደኅና ሰው ማን አለ?" ብለው ጠየቁ።