ወለሉን ብርድ እንዳይመታው

እኛ ሰዎች ከንፋስ ጋር ያለን ጠብ መቼም አያልቅም። ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስትወርዱ መስኮት ለመክፈት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ተሳፋሪው በላብ ተጠምቆም ቢሆን አንድ ጣት ያህል ከከፈታችሁ ከየአቅጣጫው «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይባላል። ጥርሱን ያመመው ብርድ ነው፣ ወገቧን የያዛት ብርድ ነው፣ ልጁ ፈተና የወደቀውም ሳይበርደው አይቀርም። ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ሲሚንቶን ብርድ መታው ሲባል የሰማሁት ግን ባለፈው ታኅሣሥ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሰይድ መካኒክ ነው። ዓመታት ሙሉ መርሳ ውስጥ በሰው ግቢ፣ ጭቃ ላይ ተጋድሞ መኪና ሲጠግን ኖረና በመጨረሻ ወልድያ ላይ የራሱን ጋራዥ ሠራ። ጣሪያው ቆመ፣ በሩ ተገጠመ፣ የቀረው ወለሉ ነበር። የተረፈችው ጥሪት በሙሉ እዚያ ወለል ላይ ስለፈሰሰች፣ ከተበላሸ ተመልሶ ጭቃ ላይ መጋደሙ ነው። ግንበኛው አርማታውን ሞልቶ አስተካከለና «ሸፍናችሁ ውሃ አጠጡት፣ ወቅቱ ብርድ ስለሆነ ቶሎ አትሥሩበት» ብሎ ለሌላ ሥራ ወደ ውርጌሳ ሄደ።

እሱ እግሩን ሲያነሳ እማማ ዘሀራ ገቡ። የሰይድ አክስት ናቸው፤ በዚያ ቤተ ዘመድ ያለ እሳቸው ፈቃድ ጥርስ እንኳ አይነቀልም። በማግስቱ ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱና ደነገጡ።

«ይኼማ በረዶ ሆኗል። ሲሚንቶም እንደ ሰው ነው ልጄ፣ ብርድ ከመታው አይድንም። በዚህ ቁር ደግሞ ጭራሽ ውሃ?»

በሩ ተዘጋ። የመስኮቱ ክፍተት በጨርቅ ተወተፈ። አራት ምድጃ ከሰል እየተንቀለቀለ ገባና ወለሉ እንደ አራስ ይጠበቅ ጀመር። ዘመድ እየመጣ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል፣ «እንዴት አደረ?» ይላል፤ «ዛሬስ ነጣ ነጣ ብሏል፣ ተመስገን» ይባላል። ከሰሉ ሁላችንም ላይ ራስ ምታት ለቀቀብን። ራስ ምታቱም በሩ ሲከፈት በገባው ንፋስ ተሳበበ።

እኔ እንግዲህ ሠላሳ ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት ግንባታ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ውሃውን ይዞ ስለቆየ እንደሆነ፣ በብርድ ጊዜ ጭድና ጆንያ አልብሶ መታገሥ እንጂ ሌላ መላ እንደሌለው፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ የወለሉን ፊት አመድ እንደሚያደርገው አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አይባልም። እጄን ምድጃው ላይ እያሞቅሁ በሆዴ ስቄባቸው ወደ ቤቴ ገባሁ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሳቅሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰይድ ወለሉን ጠረገው፤ አቧራ። ደግሞ ጠረገው፤ አሁንም አቧራ። የመጀመሪያው መኪና ከሐራ የመጣ ፒካፕ ነበር። ክሪኩን አስገብቶ ከፍ ሲያደርገው ወለሉ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረና መኪናው ዘፍ አለ። ደግነቱ ከሥሩ ማንም አልተኛም ነበር። ሰይድ ፍርፋሪውን በእጁ ዘግኖ ያይ ነበር።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ስለ ውሃው፣ ስለ ጭዱ፣ ስለ ጭሱ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ትምህርት ሰጠሁት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን ያኔም ያውቁት ነበር?»

«እንዴታ!» አልሁ፣ ኮራ ብዬ።

«አጠገቤ ተቀምጠው ነበር እኮ» አለኝ።

ወለሉን ለመስበር አራት ቀን ፈጀብን። ሰይድ ለኔም መዶሻ አቀበለኝ። ወለሉ እንደገና ሲሞላ፣ ምን እናድርግ ብሎ ሊያማክር የሄደው እማማ ዘሀራ ዘንድ ነው። ጉድ በል ወልድያ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኋት። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝም።

«እሳቸው ቢሳሳቱም አስበውለት ነው» አለችኝ።