አውጫጭኝ ለኮምፒውተር ሌባ

ሰው በሬው ሲሰረቅ ጮኾ አገር ይሰበስባል፤ ሲታለል ግን ድምፁን አጥፍቶ ይተኛል። የተሰረቀው ይታዘንለታል፣ የተታለለው ይሳቅበታል። እኔ ወፍጮ ቤቴን ከባዶ በስሌት ያቆምኩ ሰው ነኝና ይህንንም አስልቼዋለሁ፦ ሳቁ ከኪሳራው ይበልጣል።

መንዝ ውስጥ ባለችው ትንሿ ከተማችን የሆነውን ልንገራችሁ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ባስገባ ሰሞን የደንበኞች ስም፣ ስልክና የቆጣሪ ቁጥር ሾልኮ ወጣ። እንዴት እንደወጣ የሚናገር አልተገኘም። ብቻ ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ አንድ ጨዋ ድምፅ ደወለ። ስማቸውን እስከ አያት ጠራ፤ የቆጣሪያቸውን ቁጥር እንደ ዳዊት ደገመ። "ውሃዎ ሊቆረጥ ነው፤ የሞባይል ካርድ ገዝተው ቁጥሩን ያንብቡልኝ" አላቸው። አነበቡ። ካርዱ ሄደ።

ቢሮ ሄደው አቤት ቢሉ ወጣቱ ኃላፊ፣ "እማማ፣ ያነበቡት እርስዎ፣ ጥፋቱም የእርስዎ" አላቸው። ከካርዱ ይልቅ ይህች ቃል አንገበገበቻቸው።

"ካርዱን ይብላው፤ 'ጥፋቱ የኛ ነው' ሳይሉኝ ግን እንቅልፍ የለኝም" አሉኝ።

መሐል ሜዳ ከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ለፖሊስ ማመልከት፣ ለበላይ አቤት ማለት፣ 'አደራ አልጠበቀም' ብሎ ጽሕፈት ቤቱን መክሰስም እንደሚቻል አስረዳን። "ግን ብቻዎን ከሆኑ፣ 'ከኛ ለመውጣቱ ምን ማስረጃ አለ?' ይሉዎታል። ሌሎች የተደወለላቸው ይምጡ" አለ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የመንዝ ሰው ተታለልኩ ይላል? ሰፈሩን ዞርኩ። ሁሉም፣ "እኔን? ማን ደፍሮ!"

ስለዚህ የአባቶቻችንን አውጫጭኝ አስነሣሁ። ሌባው ሲጠፋ አገር ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሁሉም በየተራ ምሎ ያየ የሰማውን ይናገራል፤ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ያሰለቸው ሕዝብ እያጉረመረመ መጣ። ኃላፊውንም ጠራነው፤ እሱም ውሃ ይጠጣል።

እስከ ቀትር ድረስ ያየም የሰማም ጠፋ። ከሰዓት ብርዱ ጋቢ ማስደረብ ሲጀምርና በጎች የሚገቡበት ሰዓት ሲደርስ ግን የጠላ ቤቱ ባለቤት ተነሡ። "ለኔም ተደውሏል፤ አንብቤያለሁ። አሁን ልሂድ።" ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ማንም አይደፍረኝም ይሉ የነበሩት ጡረተኛው መቶ አለቃ እንኳ አልቀሩም። ሳቁ ለሁሉም ሲዳረስ ማንንም አልከፋው።

በመጨረሻ ኃላፊው ቀረ። ራሱን አከከ። "ለኔም ተደውሏል። ከበላይ መሥሪያ ቤት ነን ብለው የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ጠየቁኝ።"

"አነበብክላቸው?" አሉ ወይዘሮ አስካለ።

"አነበብኩ፣ እማማ። ጥፋቱ የኛ ነው።"

ማስረጃው ሞላ፣ ክሱ ግን ባዶ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ የፈለጉትን አግኝተዋል፤ የቀረውም ሰው ሜዳ ላይ ያመነውን ዳኛ ፊት ለመድገም አልደፈረም።

በሚቀጥለው ወር ኃላፊው ቆጣሪ ሊያይ ራሱ መጣና በራቸውን አንኳኳ። "የውሃ ነኝ፣ እማማ!"

"ያም እንደዚያው ነበር ያለኝ" አሉ፣ በሩን ገርበብ ብቻ አድርገው። "መታወቂያ!"

በበሩ ክፍተት አሳያቸው።

"መነጽሬን አልያዝኩም" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "ቁጥሩን አንብብልኝ።"