የሰብሳቢው ተክል አያያዝ

ታላላቅ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ዕውቀታቸው ሳሎን ውስጥ ተዘግቶበት ይቀራል ብሎ የሚሰጋ ወገን ሁሉ የሰብሳቢውን ታሪክ ሰምቶ ይጽናና። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በመሥሪያ ቤታቸው ስብሰባ ሲመሩ የኖሩ ናቸው። ምን ሠሩ ቢባል መልሱ ያስቸግራል፤ ያልሰበሰቡት ሰው ግን አልነበረም። የሚኖሩበት ሕንጻ ነዋሪም ስማቸውን ትቶ «ሰብሳቢው» ይላቸዋል። ጡረታ የወጡ ዕለት ታዲያ የሚሰበስቡት ሰው አጡ። ቤት ውስጥ ያለችው ሚስታቸው ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሥራ ይበዛባታል፣ ለስብሰባ አትመችም።

አባቷ ከግድግዳ ግድግዳ ሲንጎራደዱ አይታ አንጀቷን የበሏት ልጃቸው፣ አንድ ቀን በሸክላ ዕቃ የተተከለች ቅጠለ ሰፊ ተክል ይዛ መጣች። አበባ የላት፣ ፍሬ የላት፤ ነጭ መስመር የተሰመረባቸው አረንጓዴ ቅጠሎቿ ብቻ ቤት ያሳምራሉ።

«አባዬ፣ ቀላል ናት» አለች ልጅ። «አፈሯ ሲደርቅ ውሃ ታጠጣታለህ፣ ከጠራራ ፀሐይ ትጠብቃታለህ። በቃ።»

ይህች «በቃ» የምትባል ቃል ሰብሳቢውን ክፉኛ ቅር አሰኘቻቸው። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ በአጭሩ የተቋጨ ጉዳይ አይተው አያውቁም። ልጅቷ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ሽንጣቸውን ገትረው ሥራ ጀመሩ።

«ይቺ የስፌት መኪና ትነሳ» አሉ፣ ሚስታቸው ከተጋቡ ጀምሮ በመስኮቱ ሥር ወደምትሰፋባት መኪና እያመለከቱ።

«ወዴት?»

«ወደ ኮሪደሩ። መስኮቱ ለተክሏ ተመድቧል።»

«እዚያ እኮ ድቅድቅ ጨለማ ነው! መርፌ ላይ ክር የማስገባው በዳበሳ ነው እንዴ?»

«ጉዳዩ የታየው ብርሃንን በፍትሐዊነት ከማዳረስ አኳያ ነው።»

ፍትሑ እሷን ለምን እንደዘለላት ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት መኪናዋ ኮሪደሩ ውስጥ ደርሳለች። ብዙም ሳይቆይ ነፋስ ቅጠል ያጎሳቁላል ተብሎ መስኮቱ ተዘጋ። ቀጥሎ ጭስ ያጠወልጋል ተብሎ ሽንኩርት መጥበስ ታገደ። ውሃውንም ሰብሳቢው ደርዝ አስያዙት፤ ጧት የሰላምታ፣ ቀትር ላይ የማበረታቻ፣ ማታ የስንብት። አፈሩ ደርቆ እንደሆነ መንካት አላስፈለጋቸውም፤ የበታችን አስተያየት ሳይጠይቁ መወሰን የለመዱት ነው።

ከዚያ አንድ ወዳጃቸው ተክል ደግ ቃል ሲሰማ ይፋፋል ብሎ አጫወታቸው። በማግሥቱ ጧት ሚስታቸው ኩሽና ውስጥ ሻይ ስታፈላ ከሳሎኑ ማር የሚያንጠባጥብ ድምፅ ሰማች።

«እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ? እንቅልፍ ወሰደሽ?»

ሴትዮዋ እጇ ላይ ያለው ማንኪያ ሊያመልጣት ምንም አልቀረው። ደንግጣ፣ ደግሞም ደስ ብሏት፣ ፀጉሯን በእጇ መለስ መለስ አደረገች።

«ደህና አደርኩ!» አለች ከዚያው ሆና። «ጀርባዬን ትንሽ አሞኝ ነበር እንጂ...»

ሰብሳቢው ከተክሏ ላይ ቀና አሉ።

«አንቺን አይደለም» አሉ ሰብሳቢው።

ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን እስኪያጠፋው ድረስ ባለችበት ቆመች።

ይህ ሁሉ እንክብካቤ ተደርጎላት ሳለ ውለታ ቢሷ ተክል ቢጫ መሆን ጀመረች። አንዱ ቅጠል ተዝለፈለፈ፣ ሌላው ተከተለው። ሰብሳቢው ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አልነበሩምና አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ተሰብሳቢዋ ሚስታቸው ስትሆን መቀመጫዋን ከኮሪደሩ ይዛ መጣች።

«አጀንዳችን የቅጠሎቹ መዳከም ነው። አስተያየት?»

«አፈሩ ጭቃ ሆኗል።»

«ከዚህ አስተያየት ጀርባ ቅናት ይታየኛል።»

«በማን ልቅና?»

«በተክሏ።»

ሚስታቸው ትሥቃለች ብለው ጠብቀው ነበር። አልሣቀችም። እጇን ዘርግታ አንዱን ቢጫ ቅጠል ቀና አደረገችው።

«ልክ ነህ» አለች። «ቀንቻለሁ። እኔን እንዴት አደርሽ ብለኸኝ ታውቃለህ? ጀርባዬን ሲያመኝ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ገለጡ። «ይህ በአጀንዳው አልተያዘም።»

ስብሰባው ውሃው እንዲጨመር ወስኖ ተበተነ። በማግሥቱ ሚስታቸው የስፌት መኪናዋን ታክሲ ላይ አስጭና እህቷ ዘንድ ሄደች።

ሰብሳቢው መጀመሪያ «ሙሉ ትኩረቴን ለተክሏ የምሰጥበት ምቹ ሁኔታ ተፈጠረ» ብለው ተደሰቱ። ሆኖም ሆዳቸው ይህን የደስታ መግለጫ አልደገፈም። ሩዝ ሲቀቅሉ አሳረሩ። ሸሚዛቸውን ከቀይ ፎጣ ጋር ዘፍዝፈው ሮዝ አደረጉት። ድስት ሲፈትጉ፣ ፎጣ ሲያሰጡ፣ ጨው ፍለጋ ቁም ሣጥን ሲገለብጡ ውለው አልጋቸው ላይ ዘፍ ይላሉ። የሰላምታውም፣ የማበረታቻውም፣ የስንብቱም ውሃ ቀረ። ደግ ቃሉማ ከናካቴው ተረሳ።

እንዲህ ሲሉ ሰንብተው አንድ ጧት የጠፋ ካልሲያቸውን በመስኮቱ ሥር ሲፈልጉ ቀና ቢሉ፣ ተክሏ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ከመካከሏም የተጠቀለለ ለምለም ቅጠል ወጥቷል። ስልካቸው ላይ ተወረወሩ።

«እንኳን ደስ አለሽ! ዳነች! አዲስ ቅጠል አወጣች!»

«ጎሽ! ምን አደረግክላት?» አለች ሚስታቸው።

«ምንም። ጊዜ አጥቼ ረስቻት ነው።»

ሚስታቸው ከት ብላ ሣቀች። እንዲህ ስትሥቅ ሰምተው አያውቁም፤ የተሳሳተ ቁጥር ደውለው እንዳይሆን ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት።

«እኔም እንደሷው ነኝ» አለች። «የእህቴ መስኮት ሰፊ ነው። ጧት ጧት እንዴት አደርሽ ትለኛለች።»

«ታዲያ መቼ ትመጫለሽ?»

«ገና ማቆጥቆጤ ነው። አትንካኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ለሰብሳቢው ከልክ በላይ ሰፊ ሆነባቸው። ተራ ሰው ቢሆን ይህን ናፍቆት ይለው ነበር። እርሳቸው ግን «ተሞክሮ» አሉት፤ ተሞክሮ ደግሞ መስፋፋት አለበት።

በዚያው ሰሞን የሕንጻው ነዋሪዎች የተክሏን መዳን ሰምተው በሕንጻው አዳራሽ ስለ ቤት ውስጥ ተክል ትምህርት እንዲሰጡ ጋበዟቸው። ሰብሳቢው ሮዝ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

«የእንክብካቤ ሁሉ ቁንጮ ተክሉን ከተንከባካቢው ማራቅ ነው!» አሉ። «በእኔ ቤት ተሞክሮ ሠርቷል!»

ባሎች አጨበጨቡ። ከታችኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ እጇን አወጣች።

«ባለቤትዎስ ደህና ናቸው? ከጠፉ ሰነበቱ እኮ።»

«እጅግ በጣም ደህና ናት» አሉ ሰብሳቢው። «እሷም እህቷ ዘንድ በዚሁ ዘዴ ላይ ናት። ለውጡ የሚያስደንቅ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሚስቶች እርስ በርስ ተያዩ። ባሎቻቸው ዳግም ሲያጨበጭቡ እነርሱ ተነሥተው፣ «ለመሆኑ ያንቺ እህት የምትኖረው ወዴት ነበር?» እየተባባሉ ደረጃውን ወረዱ። ሰብሳቢው ከመድረኩ ሆነው በእርካታ ተመለከቷቸውና ለጎናቸው ሰው እንዲህ አሉት፦

«አየህ፣ ትምህርቱ የገባቸው ሴቶቹ ናቸው።»