ነብር ምን ሐሜት ያውቃል

የዚህ ነገር ባለቤቶች አራት ነን፤ ጎረቤቴ አያ ሙላት፣ ሚስቱ ስንዱ፣ የስንዱን ፍየሎች የለመደው ነብር፣ እና መካሪው እኔ።

አንባቢ ሆይ፣ የተተኮሰ የጥይት ቀለህ ለቅሞ፣ እቤቱ ቁጭ ብሎ ባሩድና እርሳስ የሚሞላበት ሰው ገጥሞህ ያውቃል? አያ ሙላት እንዲያ ነው፤ ዕረፍት የለውም። ይሞላል፣ ጆሮው ሥር ነቅነቅ ያደርጋል፣ አላምነው ይልና ያፈርሰዋል፣ ደግሞ ይሞላል። ስንዱ «አንተ ሰውዬ፣ ገብሱን በረዶ ሊመታው ነው!» ብትል ማን ሰምቷት።

በልጄ ሠርግ ቀን ግን አርብ ገበያ ወይፈን ሸጦ የገዛቸውን አምስት ጥይቶች ሰማይ ላይ ለቀቃቸው።

«አያ ሙላት፣ የእጅህን ሥራ ምነው አልተኮስኸው?» አልሁት።

«ቢከሽፍብኝስ? ሰው ፊት ልዋረድ?»

«ለነብሩስ?»

«ነብር ምን ሐሜት ያውቃል!»

ልመክረው ሲገባኝ፣ ተኩሱ አኩርቶኝ ስለነበር ስቄ ጠላ ቀዳሁለት።

በሳምንቱ ነብሩ የስንዱ ፍየሎችና ጥጃ ያደሩበት በረት ገባ። ሙላት የሞላውን አጉርሶ ቃታ ሳበ። ጠመንጃው እጁ ላይ ፈነዳ፤ ነብሩ ዘወር ብሎም አላየው።

ሒሳቡ ይኸው፦ ስንዱን ሁለት ፍየልና አንዲት ጥጃ፣ ሙላትን ሁለት ጣት አስከፈለ። ነብሩን ምንም። እኔን መካሪ መባሌን።