ማሳ ያጣው ሬዲዮ

ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን የሚጻፈው ሁሉ ስድብ ሆኗል። እኔ ግን ዛሬ ምስጋና ልጽፍ ተነሥቻለሁ። የማመሰግነው መሥሪያ ቤት አሰላ ከተማ ውስጥ ይገኛል፤ ስሙን የማልጠራው ሌሎቹ እንዳይቀኑ ብዬ ነው።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ይህ መሥሪያ ቤት ሬዲዮ የተገጠመላት መኪና ደረሰችው። ሹሙ ባላምባራስ ወልደአማኑኤል ወደ በቆጂ ሲወጡ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል፤ መስኮቱንም ያወርዱታል። ብርዱ ጆሯቸውን ቢቆርጠውም ሕዝቡ መማር አለበት። በጥቅምት ወር ግን ሬዲዮው በድንገት ዝም አለ።

ሌላ ቦታ ቢሆን መካኒክ ይጠራ ነበር። እዚህ ሥርዓት አለ። በመጀመሪያ ጸሐፊው አቶ ሣህሌ «ሬዲዮው ያለ ፈቃድ ሥራውን ስለ ማቋረጡ» የሚል መዝገብ ከፈቱ። ቀጥሎም ዝምታው ከሕመም ይሁን ከንቀት የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ዘጠኝ ቀን መክሮ፣ ሬዲዮውን ሁለት ጊዜ በጥፊ ከመታ በኋላ «አሳቡን ለማወቅ አልተቻለም» ሲል ወሰነ። መካኒኩ ኸይሩ የተጠራው ያን ጊዜ ነው።

ኸይሩ ሙያውን የለመደው ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ነው። ከመሪው ሥር ተንጋሎ ገባ፤ በሽቦ የተያያዘች ትንሽ አምፖል እዚህም እዚያም አስነካ፤ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ፊውዙ ደኅና ነው፣ ጌታዬ። ከባትሪውም ኃይል ይደርሰዋል። ማሳ ነው ያጣው።»

«ምን አጣ?» አሉ ባላምባራስ።

«ማሳ። ማሳ ካገኘ አሁኑኑ ይናገራል። እኔው ልስጠው?»

«አንተ ማን ነህና ነው ማሳ የምትሰጠው? ማሳ የሚሰጠው መንግሥት ነው! ውጣ!»

ኸይሩ ፒንሳውን ይዞ ወጣ።

ከዚህ በኋላ የታየው ትጋት እንባ ያስመጣል። በዚያው ደጃፍ አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ላይ የተወ ወታደር የእርሻ ማሳ ይሰጠኝ እያለ አሥራ ስምንት ዓመት ተመላልሷል። የሬዲዮው ጉዳይ በአራት ቀን አለቀ። ወታደሩ አንቴና የለውማ!

ውሳኔው እንዲህ ይላል፦ «ሬዲዮው ያለ ዕረፍት በቅንነት ያገለገለ ስለ ሆነ፣ ማሳ በማጣትም አንደበቱ ስለ ተዘጋ፣ በበቆጂ መንገድ ዳር የሚገኘው ገብስ የተዘራበት ማሳ ተሰጥቶታል። ሬዲዮው ማጨድ ስለማይችል ባላምባራስ ወልደአማኑኤል ሞግዚቱ ሆነው ገብሱን ይሰበስቡለታል።» ገብሱን የዘራው ቱፋ የሚባል ገበሬ መሆኑ፣ ስድስት ልጆቹም ከዚያ ሌላ የሚበሉት እንደሌላቸው አልተጠቀሰም። ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ይሆናል።

በርክክቡ ቀን ባላምባራስ መኪናዋን በቀጥታ ገብሱ መሐል ነድተው አቆሟት። አቶ ሣህሌ መዝገቡን ታቅፈዋል። ኸይሩም ሬዲዮው መናገሩን በሙያው እንዲመሰክር ተጭኖ መጥቷል። ውሳኔው ተነበበ።

ቱፋ የተረገጠውን ገብስ አየ፤ ከዚያ ባላምባራስን አየ።

«ጎፍታ፣ ማሳዬ የተሰጠው ለማን ነው?»

«ለሬዲዮው።»

«ለዚህ ሳጥን?»

«አፍህን ሰብስብ! ሳጥን አይባልም፤ ባለ ማሳ ነው!» አሉ አቶ ሣህሌ።

«እሺ፣ ባለ ማሳ ይሁን። ሲሬ ላለው ወንድሜ ማሳ ሲሰጠው ‹ተቀብያለሁ› በል ተብሎ በአፉ ተናግሯል። ይሄም በአፉ ይናገር። ተቀበልኩ ካለ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።»

አቶ ሣህሌ መዝገቡን አገላበጡና ፊታቸው ጠቆረ። «እውነቱን ነው፣ ባላምባራስ። ተቀባዩ ቃሉን መስጠት አለበት።»

ባላምባራስ የሬዲዮውን ቁልፍ ጠመዘዙ። ዝም። እንደገና ጠመዘዙ። ዝም።

«ኸይሩ! ማሳ ካገኘ ይናገራል አላልክም? ይኸው አራቱም ጎማ ማሳ ላይ ቆሟል! ሌላ ምን ቀረው?»

ኸይሩ ጎማዎቹን አየ፣ ገብሱን አየ፣ መዝገቡን አየ። በመጨረሻ ገባውና በሳቅ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

«አላህ ያሳያችሁ! ጌታዬ፣ ማሳ ያልኩት ይህቺን ነው!» ከሬዲዮው ጀርባ ጣት የምታህል ሽቦ ስቦ አወጣ። «ጣሊያኖቹ ያስተማሩን ቃል ነው። ሽቦዋ ከመኪናው ብረት ጋር ካልታሰረች ከባትሪው የመጣው ኃይል መመለሻ የለውም። የበቆጂ መንገድ ብሎኗን አላልቷታል፤ ዝገትም በልቷታል።»

ብረቱን በቢላዋ ፋቀው፤ ብሎኗን አጠበቃት። ሬዲዮው ቱፋን እስኪያስደነግጠው ድረስ ጮኸ።

ቱፋ ግን ወዲያው አንገቱን በመስኮቱ አስገባ። «ማሳዬን ተቀብለሃል?»

ሬዲዮው በጥሩ አማርኛ መለሰ፦ «...ዝግጅታችንን በዚሁ እንፈጽማለን። እናመሰግናለን፤ ደኅና ዋሉ።»

«ሰማችሁ? አመስግኖ ተሰናበተ!» አለ ቱፋ። «ጸሐፊው ጌታ፣ ይጻፉ እንጂ!»

አቶ ሣህሌ ሥርዓት አክባሪ ናቸውና ጻፉ፦ «ሬዲዮው የሚያስፈልገውን ማሳ በብሎን ስላገኘ፣ ስለ ገብሱም ተጠይቆ በጨዋነት ስለ ተሰናበተ፣ መዝገቡ ተዘግቷል።»

ወደ አሰላ ሲመለሱ ሬዲዮው ይዘፍናል፤ መስኮቱ ግን ተዘግቷል። ባላምባራስ ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ዞር አሉ።

«ስማ፣ ኸይሩ። ጡሩምባውስ? ማሳ አላነሰውም?»

«የለም፣ ጌታዬ። ጡሩምባው ማሳ አለው፣ መብራቱም አለው። እዚህች መኪና ውስጥ ማሳ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንተን ምን ያደርግልሃል?» አሉ ባላምባራስ በምሬት። «ያለ ማሳም ትናገራለህ።»